ልዩ ልዩ

ሦስት ሰዓት ተብሎ በአራት ጀመረ፤
የአዳራሹ ቆርቆሮ በፀሐይ ጋመ፣ ተንጣጣ፣ አረረ።
እኔ ጸሐፊው ነኝ፤ መዝገቤ ተከፈተ፤
"ስድሳ አንድ ሰው" ብዬ ስጽፍ፣ ሌላ ገባና ቁጥሬን አሳሳተ።

አጀንዳው አንድ ነው፦ ባሕር ዳር፣ ከዋርካው እስከ ጀልባ ማቆሚያው ድረስ
ሣር የዋጠው መናፈሻ እንዴት ይታደስ?
(በሩ ከተቆለፈ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤
ቁልፉን የጣለው ዘበኛ ዛሬም በሩን ይጠብቃል።)

ኢንጂነር ሽባባው ንድፉን ግድግዳ ላይ ለጠፈ፤
ፕላስተሩ እየለቀቀ ጥጉ ሦስት ጊዜ ታጠፈ።
በንድፉ ላይ ውኃው ሰማያዊ ነው፤ ደለል የለበትም፤
ሰዎቹ ቀጫጭን፣ ሁሉም የሚሄዱ፣ የተቀመጠ የለም።
ደግሞ ፏፏቴ አለው፣ ሐይቁ አፍንጫ ሥር፣ ውኃ እንዳይጠማን!
እንቦጭ ግን አልተሣለም፤ ማን ይሥለዋል? ማን?

"ጥያቄ? አስተያየት?" ሲባል እጅ በዛ፤
እናኑ ቀደመች፣ ዓሣ ጠባሿ፣ ሽርጧ በዘይት የወዛ፦
"ካፌው እዚህ ቆሞ፣ የኔን ምድጃ የት አየኸው ልጄ?
እኒህን ከሲታ ሰዎችህን ማን ያጠግባቸዋል ያለ እጄ?"
አዳራሹ ሳቀ። ጻፍኩ፦ "የንግድ ቦታ ይታሰብ።"

ተማሪው ምኒችል መብራት ጠየቀ፣ ማታ ለማንበብ፤
"ቤታችን ባንድ አምፖል ሰባት ነን፣" አለ አንገቱን ደፍቶ፤
ጻፍኩ፦ "መብራት።" ያንገቱ መድፋት ከመዝገቤ ቀረ፣ ቦታ አጥቶ።

ፎቶ አንሺው "ለሙሽራ የሚሆን በር" ሲል ለመነ፤
ባለፈው ጥር፣ ሚዜው ቬሎ ከሽቦ ሲያላቅቅ ሰዓቱ ባከነ።
አንዱ "አጥር ይጠንክር"፣ አንዱ "አጥር ይፍረስ" አለ፤
(ጎረቤታሞች ናቸው፤ የነሱም አጥር ፍርድ ቤት ውሎ ውሎ ገና አልተከለለ።)

አቶ ኑርዬ ተነሣ፣ ታንኳ ሠሪው፣ መዳፉን ደንገል የላገው፤
ንድፉ ዘንድ ሄዶ ቆመ፤ ባንድ ጣት ፏፏቴውን ወጋው።
"ይህን የለካኸው በምን ወር ነው?"
                                      "በመጋቢት።"
"ገምቻለሁ። እኔ በጥቅምት መረቤን የምጥለው እዚህ ነው፣ ካግዳሚው ፊት።
ሰዉን ሰብስባችሁ መጠየቃችሁን፣ ደግ አደረጋችሁ፤
ጣናን ግን አልጠራችሁት፤ ሳይጠሩት መጥቶ ይቀመጣል መሐላችሁ።"

ሽባባው ዝም አለ። ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደ፤
ባማረው ንድፉ ላይ ጠማማ መስመር ሲያሰምር እጁ ራደ።

ሰው ሊበተን ሲል፣ መዝገቡ ሊዘጋ፣
አንዲት ሴት ቆመች፣ ከኋላ፣ በሩ ጋ።
ስሟን ጠየቅኳት፦ "የውብዳር።" የአባት ስም? ዝም።
"ካሮጌው ደረጃ ሦስተኛው ድንጋይ ያዳልጣል፤ ሌላ ነገር የለኝም።"

ስለ ልጇ ማንም አላነሣ፤ አዳራሹ ወለሉን ያያል፤
ያ በር ለምን እንደተቆለፈ፣ ከኢንጂነሩ በቀር ሁሉም ያውቃል።
"ደረጃው ይነሣ?" አላት ሰብሳቢው፤ "ወይስ ዙሪያውን እንጠረው?"
"አይሆንም። ልጅ ውኃ መንካቱን አይተው። ድንጋዩን ብቻ አሻክረው።"

ለዚህ በቅጻችን ላይ ዓምድ የለም።
ከ"ልዩ ልዩ" ሥር፣ ካንድ የጠፋ ጃንጥላና ከቀጣዩ ስብሰባ ቀን ጋር፣
ጻፍኩ፦ "ሦስተኛው ድንጋይ።" ከዚያ በላይ አልጻፍኩም።

ከሰዓት ብቻዬን ሄድኩ። ዘበኛው አየኝና "ቁልፍ የለም" አለ፤
ሽቦውን ግን በዱላው ጫፍ አንሥቶ፣ እንዳይወጋኝ ታገለ።
አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ አረንጓዴ ሽበት፤
ጎንበስ ብዬ በመዳፌ ዳሰስኩት።
ለስላሳ ነው። እንዲህ ይለሰልሳል ብዬ አልጠበቅሁም።
ውኃው እስከዚያ ይወጣል፣
ይነካዋል፣
ተመልሶ ይሄዳል።