የዘይት ደብተር

መሬት ላይ ጠብታ አይተን አናውቅም፤
በረዶው ነጭ ነው፣ ከሥሯ አይጠቁርም።
ግን በየሳምንቱ መለኪያው ሲወጣ
ዘይቱ ጎድሏል። ማን ይሆን የጠጣ?

«ዘይት ትበላለች» አለኝ ሳግንቤክ ባሌ፣
ስለ ሆዳም ፈረስ እንደሚያወራ ሎሌ።
ያን ዕለት ደብተር ገዛ፣ አረንጓዴ ልባስ፣
በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ሳይጨምር ሳያሳንስ፦
«ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር። ግማሽ ሊትር።»
ከዚያ በየወሩ ሲቆጥር፣ ሲቆጥር…

ኦዲዋ ከጀርመን መጥታ ያኔም ወጣት አልነበረች፤
ከኮችኮር ናሪን፣ ከናሪን ኮችኮር ተመላለሰች፣
በዶሎን በር ሽቅብ፣ በዶሎን በር ቁልቁል፣
ድንች፣ ሙሽራ፣ ጠቦት፣ በሽተኛ፣ እንቁላል።
ሰው «ብርቱ ናት» ይላል፣ ደጅ ሆኖ እያያት።
ደብተሩ ነው የሚያውቀው የውስጧን ጥማት፦

«አንድ ሺህ። አንድ ሊትር።»
«ስምንት መቶ። አንድ።»
«ዶሎን ላይ በረዶ። ቁልቁለቱን ስንወርድ
ከኋላችን ሰማያዊ ጭስ።»

መካኒኩ ቱርዱቤክ ጆሮውን ኮፈኑ ላይ ጥሎ፣
«ፋሻው አልቋል፣ የቫልቭ ጎማውም ደርቋል» ብሎ፣
«ሞተር ይውረድ» አለን። ዋጋውን ሲጠራ
ባሌ ደብተሩን ዘጋ፤ ወጣ ሳያወራ።

ኋላ ዓይኑ ደከመ።
መጀመሪያ የጠፋበት ያ ቀጭን መስመር ነው።
ዘንጉን በጨርቅ ጠርጎ፣ ወደ ፀሐይ አንስቶ፣
«አናርኩል፣ እስቲ እዪልኝ፤ ከላይ ነው ከታች?»
አይቼ እነግረዋለሁ፤ እሱ ይጽፈዋል፤
ቁጥሩ እየወፈረ መስመር ይስተዋል።

ቢሽኬክ ያለች ሐኪም «የዓይን ሞራ» አለች፣
የሁለቱን ዓይን ዋጋ በወረቀት ጻፈች።
ዘይት የጎደላት መኪና፣ ሞራ የሞላበት ዓይን፤
አንዱን ለአንዱ መሸጥ ነው፣ ሌላ ምን አለን?

የባሌ ወንድም ጁማቤክ ቆርቆሮ ይዞ መጣ።
«ወፍራም ዘይት ጨምሩ፤ ለሳምንት ጭስ አይወጣ።
ገዢ የሚያየው ጭስ ነው።
ሳምንቱ ካለፈ የማን ጣጣ?»

ሌሊት፣ በባትሪ፣ እኔ ራሴ ጨመርኩት።
እንደ ማር ነው የሚወርደው፤ አይቸኩልም።
የቆርቆሮውን አፍ በመዳፌ ደግፌ፣
ባሌ ተኝቷል ብዬ፣ ትንፋሼን አፍኜ፣
እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ቆምኩ።

ኡላን መጣ ማለዳ፣ ሃያ ሦስት ዓመቱ፤
ገንዘቡ በካልሲ፣ ካልሲው በደረቱ።
እጮኛው አጥሩ ጋ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች።
ሞተሩን አስነሳ።
ጭስ የለም። ኦዲዋ እንደ ሰዓት ሠራች።
አፌን ከፍቼ ዋጋውን ልጠራ ስል
ባሌ ከቤት ወጣ፣ ግድግዳ እየዳበሰ፣
ደብተሩን ከልጁ እጅ አደረሰ።
«መኪናዋ ይህች ናት» አለው።
«ያ የቆመው ብረቱ ነው።»

ልጁ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ አነበበ፤
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ገጽ በገጽ፣ በጣቱ።
ሻይ አቀረብኩ፣ ቀዘቀዘ።
«ታዲያ» አለ ቀና ብሎ፣ «ጭሱ የት ሄደ?»
ባሌ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ አያየኝም፤
ፊቱ ግን አየኝ።
«ወፍራም ዘይት ነው» አልኩ። «የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

ከዋጋው ሲሶ ቀነሰ፤ አልተከራከርንም።
ለሁለት ዓይን ያሰብነው ለአንድ ዓይን ሆነ።
ጁማቤክ ቤታችን አይመጣም እስከ ዛሬ፤
«ሞኞች» ይለናል አሉ፣ ለመንደሩ፣ ለገበሬ።

ከሦስት ወር በኋላ ስልኬ ጠራ፤ መልእክት ነው።
ሰላምታ የለው፣ ስም የለው፦
«ሰባት መቶ ሃያ። አንድ ሊትር። ዶሎን ላይ ዝናብ።»

ባሌ ስልኩን ተቀበለኝ፤ ግራውን ጨፍኖ፣
በአንዲቱ ዓይኑ፣ አሁን በሠራችው፣
ቁጥሩን እንደ ዘንጉ ወደ ብርሃን አንስቶ
ሁለት ጊዜ አነበበው።
ብዙ ዝም አለ።
«ያጣድፋታል» አለ። «ንገሪው፣
ቁልቁለቱን ቀስ ብሎ ይውረድ።»