ቀጥ ያለ መስመር

ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ከመናኸሪያው ማዶ፣
አንድ ጨፌ ነበር፤ ከጮቄ ስር ወርዶ
የደከመው ውሃ እግሩን ዘርግቶበት
ወደ ውሰታ ሳይሄድ ጥቂት የሚያርፍበት።

እኔ ነኝ ያደረቅሁት።
በእስክሪብቶ፣ በማስመሪያ፣ በአንድ ከሰዓት፣
ቀጥ ያለ ሰማያዊ መስመር ነው ያሰመርኩበት።
ቦይ አልኩት። ፈረምኩኝ። ማኅተም አረፈበት።

ከትምህርት ቤት ገና የወጣሁኝ ነበርኩ፤
ረግረግን እንደ ቁስል፣ ቦይን እንደ መድኃኒት ቆጠርኩ።

የመናፈሻው ሣር ከሩቅ አገር መጣ፤
ባሕር ዛፍ ተተክሎ ዙሪያውን ውሃ ጠጣ፤
አግዳሚ ወንበሩ በአረንጓዴ ቀለም፤
«ሣር መርገጥ ክልክል ነው» — ረጋጩም የለም፤
ሰርገኛ ብቻ ነው ቅዳሜ የሚመጣ፣
ለፎቶ የሚቆም፣ ቶሎ ብሎ የሚወጣ።

አራት ክረምት አለፈ።
የነአንጓች ጉድጓድ በየዓመቱ ሸሸ፤
ገመድ ሲቀጥሉ ዋሉ፣ ውሃ ሳያዩ መሸ።
ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ማረፊያ ያጣው ጎርፍ
ቀጥ ባለው መስመሬ፣ ሳይዞር፣ ሳያርፍ፣
የደርበው ሱቅ ገብቶ ጨውና ስኳር ላሰ፤
ዱቄቱ ሊጥ ሆኖ እስከ ደጅ ፈሰሰ።

ማንም ስሜን አልጠራም። የተሰደበው ሰማዩ ነው።
ካርታው ግን መሳቢያዬ ውስጥ ነው።

ዘንድሮ ደብዳቤ መጣ፣ «ጨፌው ይመለስ» የሚል፣
ቁጥር ያለው፣ በጀት ያለው፣ ሦስት ገጽ የሚያህል።
ከየት እስከ የት እንደነበር ግን ቢሮው አያውቅም።

ይርሳው ይባላል ዘበኛው፤ የማይረሳ ሰው።
በከዘራው ጫፍ መሬቱን ዳሰሰው።
«እዚህ ጋ ዓይኑ ነው፤ እዚያ ማዶ ግጫ፤
ይብራ እዚህ ትታቀፍ ነበር፤ ይኼ የላም መጠጫ።»
«ደርቋል እኮ» አልኩት። ሳቀ፤ ዝቅ ብሎ
አፈር ጨበጠና መዳፌ ላይ ጥሎ፣
«አኩርፎ ነው እንጂ ውሃ አገሩን አይለቅም፤
ሽማግሌ ላክበት፤ አንተ ግን አትቅደም።»

ቦዩን በአፈር ጆንያ አሥራ ሁለት ቦታ አገድን፤
ባሕር ዛፉን ከነጉቶው ነቀልን፣ ማገድን።
ከስሩ ጠርሙስ ወጣ፣ ነጠላ ጫማ ወጣ፣
የአንዲት ሙሽራ የግራ ጓንት ወጣ።

ግጫ ግን ከየት ይምጣ? ገበያ የማይሸጥ ነገር።
አንጓች ጓሮዋ ውስጥ፣ ከልብስ እጣቢው ዳር፣
አንድ እፍኝ ይዛ ኖራለች፣
ማንም ሳይጠይቃት፣ ለማንም ሳትነግር።
በሳፋ አመጣችው።
እስከ ጉልበቷ ገባች፣ ቀሚሷን ሰብስባ፤
እኔንም ጠቀሰችኝ፤ «አንተ የቢሮ አበባ፣
ጫማህን አውልቀህ ግባ!»

ቅሬታ አልጠፋም። «ትንኝ ልትፈለፍሉ ነው?»
«ጭቃ ያለበት ቦታ ምኑ መናፈሻ ነው?»
አንድ ሚዜ ሱሪውን እያየ ሰደበኝ።
እውነቱን ነው። አዘንኩለት። አልቅትም ነከሰኝ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ጎርፉ መጣ እንደ ልማዱ።
አልሮጠም። ዞረ። ግጫው መሀል ጠፋው መንገዱ።
የደርበው ሱቅ ደጃፉ ብቻ ረጠበ።
ድል አልለውም፤ ዝናቡም ዘንድሮ ቀለል ያለ ነበር ይላሉ።

የሪፖርቱ ቅጽ «ስንት በመቶ?» ይላል።
ምን ልሙላበት? ይብራዋ አልመጣች።
የአንጓች ጉድጓድ አንድ ክንድ ብቻ ነው የተመለሰ።
ሌሊት አንድ ነገር ጮኸ፤ እኔ «እንቁራሪት!» አልኩ፤
ይርሳው «የባጃጅ ፍሬን ነው» አለ፤
ግን ካፖርቱን ደርቦ እስኪነጋ ቆሞ አዳመጠ።

ትናንት ያን ካርታ ይዤ ብቻዬን ወረድኩኝ፤
«ዓይኑ» ባለኝ ቦታ፣ ጭቃው ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩኝ።
ከወረቀቱ ሥር ውሃ ቀስ ብሎ መጣ፤
ቀድሞ ማኅተሙን፣ ቀጥሎ ፊርማዬን ጠጣ።
ያ ሰማያዊ መስመር
ላላ፤ ጎበጠ፤
እንደ ውሃ መሄድ ጀመረ።