ይበልጣል ፎቶኮፒ

አባቴ «ይበልጣል» ብሎ ስም አወጣልኝ፤
ከምን እንደምበልጥ ግን ሳይነግረኝ ሄደ።
ከፖሊ ስመረቅ ወረቀቱ ፈረደ፦
ሁለት ነጥብ ዘጠና ስምንት።

ለሦስት ሁለት ጉዳይ።
ሰዓት ቢሆን ኖሮ ሻይ ሳይበርድ በሞላ፤
የኔው ግን ስድስት ዓመት
ንቅንቅ የለም፣ ወይ ወደፊት ወይ ወደ ኋላ።

«የፖሊ ልጅ ነው» ሲባል ወንበር ይሳብልኛል፤
ነጥቤ ሲታይ ወንበሩ ወደ ቦታው ይመለሳል።
ማስታወቂያውን እንደ ውዳሴ በቃሌ ይዤዋለሁ፦
«ዜሮ ዓመት፤ ብዛት አንድ፤ ውጤት ሦስትና ከዚያ በላይ።»
ከዚያ በላይ እኔ የማውቀው
የሱቄን ቆርቆሮ ነው፣ ከቆርቆሮው በላይ ሰማይ።

ስለዚህ ማሽን ገዛሁ። ከቀበሌው አጥር፣ ከዘንባባው ጥግ
«ይበልጣል ፎቶኮፒ» አስጻፍኩ፣
ስሜ ሥራ ፈቶ እንዳይዝግ።

አሁን የከተማውን ልጅ ሁሉ ውጤት አውቃለሁ።
ዲግሪዎች በግንባራቸው ተደፍተው መስታወቴ ላይ ያልፋሉ፤
ብርሃኑ ከሥር ሲሄድ፣ አንዴ፣ ለቅጽበት ይታያሉ።
ማሽኑ አያዳላም። ለማዕረግ ተመራቂውም፣
በመውጫ ፈተና ለሁለተኛ ዙር ለወደቀውም
ገጹ ያው አምስት ብር ነው።

ባለፈው ሐሙስ ባንቺአምላክ መጣች፣
ከወደ ጠረፍ ካለ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣
ሦስት ነጥብ ሰባ አንድ፣
ቴምፖዋን በፌስታል ጠቅልላ ከዝናብ ያዳነች።
«ስንት ኮፒ?»
«አሥራ አምስት። ግን የግቢውን ስም ሲያዩ ይስቃሉ።
‹እዚያማ ኤ እንደ ንፍሮ ነው የሚታደለው› ይላሉ።»
እናቷ ሐይቁ ዳር ዓሣ ትሸጣለች።
«ገዢው ‹የጣና ነው?› ብሎ ይጠይቃል» አለች፤
«ነው ካልሽው
ማሽተቱን ይተዋል።»

እኔ ስሙን ይዤ ነጥብ የጎደለኝ፣
እሷ ነጥቡን ይዛ ስም የጎደላት።
«ብንጋባ አንድ ሙሉ አመልካች ይወጣን ነበር» አልኳት።
አልሳቀችም።
ሳንቲሟን ቆጠረች።

ቅዳሜ አንድ ጎረምሳ በሩን ገርበብ አድርጎ ገባ፤
«ጋሼ፣ ይቺን ሁለት ሦስት ማድረግ ያቅትሃል?»
ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ዓይኑ የሚባባ።
አያቅተኝም።
ለራሴም አንድ ሌሊት ሠርቼው አውቃለሁ፦ ሦስት ነጥብ ዜሮ ሁለት፣
ማኅተሙ ሳይነካ፣ ፊደሉ ሳይዛነፍ።
አየሁት። ደግሜ አየሁት።
ስሙ የኔ ነው፣ ሰውየውን ግን አላውቀውም፤
አጠፋሁት።
ልጁን «መብራት የለም» ብዬ ሸኘሁት፣
ማሽኑ ከኋላዬ እያጉረመረመ።

ዛሬ ሰኞ።
ፈተናው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፣ ሐይቁ ዳር ካለው አዳራሽ።
ለአንዲት ወንበር ስድስት መቶ አርባ ሰው፤
ግማሹን ያባዛሁት እኔ።
ባንቺአምላክ እስክሪብቶ ረስታ ሮጣ መጣች፤
የጆሮዬን ሥር እስክሪብቶ ሰጠኋት።
«አንተስ አትፈተንም?»
«ሱቅ ማን ይጠብቃል» አልኳት።
ባጃጁ በዘንባባው መሐል ይዟት ከነፈ።

ግድግዳዬን አየሁ፦
ለሦስት ሁለት ጉዳይ።

ማሽኑን አጠፋሁት። ዝም ሲል፣
ከወደ ጣና የሚመጣው ንፋስ ወረቀቶቼን ሲያገላብጥ ይሰማል።
ቆሜ ጠበቅሁ።
የሰከንዷ ቀይ ዘንግ አንዴ ዞረች፣ ደገመች።
ሦስት ሞላ።

ምንም አልሆነም።
አንዲት እናት ሕፃን አዝላ ገባች፦
«የልደት ወረቀት ነው። ሁለት ኮፒ።»
ማሽኑን ቀሰቀስኩት፤
የልጁን ስም ሳላነብ
በግንባሩ ደፋሁት።