ስድስት ሰከንድ

ሼፊልድ ላይ ሲዘንብ ማለዳው ጨለመ፤
ምድር ቤት ያለው ማሽን ያጓራል እየደጋገመ።
እኔ ተሸካሚ ነኝ፣ ሌላ ማዕረግ የለኝ፤
ከረጢቱ ሲሞላ «ሩጥ!» ብለው የሚልኩኝ።
ኮሪደሩ ሃምሳ ርምጃ፣ ሁለት በር፣ አንድ መታጠፊያ፤
አንድ ሊትር ጋዝ አቅፌ፣ እንደ አራስ ልጅ ከነመጠቅለያ።

ዜኖን ይሉታል፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤
ከማንም የማይጋባ፣ ብቸኝነት የማይከብደው።
ዛሬ ግን ተገርቷል፤ በሩቢዲየም ጭጋግ መሐል
ሌዘር ሲመክረው አርፍዶ ፊቱን ወደ አንድ ጎን መልሷል፤
ሁሉም አይደለም፣ እውነቱን ልናገር፤ ግማሹ ያህል።

ችግሩ መርሳቱ ነው። የተማረው አይዘልቅም።
ኦክስጅን ሲነካው ይረሳል፤
በራዲዮ ሞገድ ሲጠይቁት፣ እየመለሰ ይረሳል፤
አንዴ ከረሳ ደግሞ ደረት ውስጥ የሚያስታውሰው የለም።
ስለዚህ እሮጣለሁ።

አልጋው ላይ ወይዘሮ ስታኒፎርዝ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፤
«አንቱታው ይቅር፣ ዊኒ በለኝ» አለች በዚያ ቀጭን ድምጿ።
ካሥራ አምስት ዓመቷ ጀምራ በሚሽከረከር መወልወያ ፊት
ማንኪያና ሹካ ስታበራ፣ ለሰው ሠርግ፣ ለሰው ራት፤
ወገቧን በወረቀት ሸርጣ፣ ፀጉሯን በቀይ ሻሽ ጠምጥማ፣
ብር ወልውላ ብር ያላየች፣ አቧራ ብቻ አጠራቅማ።

ባለፈው ዓመትም መጥታ ነበር። ያኔ አሥራ ስድስት ሰከንድ ነበር
ትንፋሽ ይዞ መቆየት፤ ለጤነኛ ሰው ቀላል ነገር።
ትንፋሿን ልትይዝ ስትል
በዘጠነኛው ያዛት ሳል።
ሳንባዋ ሥዕሉ ላይ ዝናብ እንዳገኘው ቀለም ፈሰሰ።
«ይቅርታ ልጄ» አለችኝ፣ «ጋዛችሁን አባከንኩባችሁ።»
ይቅርታ የጠየቀችው እሷ! እስቲ አስቡት።
ያን ቀን ባዶውን ከረጢት ስመልስ
ከሙሉው ይልቅ ከበደኝ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ያጣችው ፕራቲባ ናት፣ የሒሳቧ ሰው፤
ሰሌዳዋ በቁጥር የተጨናነቀው፣ ሻይዋ ሁሌ የቀዘቀዘው።
«ሁሉን መጠየቅ ምን አስፈለገ?» አለች አንድ ምሽት ብድግ ብላ፤
«ከአራቱ አንዱን ልጠይቀው፤ ሦስቱን ሒሳቡ ራሱ ይሙላ።»
ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም እንደሚባለው።
እኔ አልገባኝም፣ አልዋሽም። የገባኝ አንድ ነገር ነው፤
አሥራ ስድስቱ ስድስት ሆነ።

በሩን በትከሻዬ ገፋሁ። ቱቦውን ከከንፈሯ አገናኘሁ።
«ሳቢ... አሁንም ሳቢ... ያዢ!»
አንድ። ማሽኑ አንኳኳ፣ እንደ ድሮው ፋብሪካዋ።
ሁለት። ዓይኗን ጨፈነች።
ሦስት። ጣቶቿ አንሶላውን ቆነጠጡ፣ የማንኪያ እጀታ ይመስል።
አራት። ነፋስ ወደ ነፍስ ዘለቀ፤
መንገድ ባገኘበት አበራ፣ መንገድ ባጣበት ጨለመ።
አምስት። እኔም ትንፋሼን ይዤ ኖሯል።
ስድስት።
«ልቀቂ!»

«አለቀ?»
ድምጿ ጎርንኖ፣ ወፍሮ ወጣ፤ ዜኖን ጉሮሮ ሲያልፍ እንዲያ ነው።
ራሷ ደነገጠች፤ ቀጥላ ሳቀች፤
«ክላረንስ ነው እኮ! በሞተ በአሥር ዓመቱ
ዛሬ በኔ አፍ ተናገረ!»
ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። ይሁን፤ ሥዕሉን ይዘነዋል።

ስክሪኑን አዞርንላት። ላይ ላዩ በርቷል፣
ታች በስተቀኝ ግን ጥቁር፣ ሌላም ጥቁር፤ ብል የበላው ጨርቅ ይመስላል።
ሥዕል አያድንም፤ ይህን እሷም ታውቃለች።
አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው፣ የጨረሰችውን ሹካ
ወደ መስኮት አንስታ እንደምታይ፤
«የበራው መልካም ነው» አለች፣ ጣቷን ወደ ጥቁሩ ቀስራ፣
«ይሄን ግን ማን ይወለውለው?»

ፕራቲባ ወደኔ አየች። እኔ ወደ ወለሉ።

ባዶውን ከረጢት አጣጥፌ ወጣሁ። አሁን የሚያስሮጥ የለም።
እየቆጠርኩ ተራመድኩ፤
ስድስት ስል
የመጀመሪያው በር ላይ እንኳ አልደረስኩም።