የዘጋሁት መስኮት

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ቀይ መብራት ይዞኝ፣
አንድ የቆርቆሮ ጣሳ ጆሮዬ ስር ጮኸብኝ።
ዱቄት በቅንድቡ፣ ላብ ባንገትጌው፣
ኒባልዶ ነበረ፣ የታች መንደሩ ዳቦ ጋጋሪው።
“ለእሳት አደጋዋ፣ ለነዳጅ” አለኝ ፈገግ፤
እኔ መስኮቴን ጥርቅም፣ ዝግ።
“ደሞዙን በልቶ ደግሞ ይለምነኝ!”
ብዬ ሳጉረመርም መብራቱ ለቀቀኝ።

ከማራካይቦ ከመጣሁ ገና ሦስተኛ ወሬ፣
የሰው ታክሲ ነጂ፣ በሰው ቤት ማደሬ፣
ምን አውቄ?
ቫልፓራይሶ ላይ እሳት ለሚያጠፋ
ሰባራ ሳንቲም እንኳ እንደማይከፈል፣
ይልቅ እሱ በየወሩ መዋጮ ቆጥሮ እንደሚጥል፣
ለመለብለብ ተራ የሚገዛ ይመስል።

ረቡዕ ሌሊት ነው። የደቡብ ነፋስ
ከባህር ዛፉ ጫካ ፍም ሲያፍስ፣
እዚህ ከተማ ቤት በገደል ተሰቅሎ፣
ያንዱ ጣራ ላንዱ ደጃፍ ሆኖ ውሎ፣
እሳቱ ደረጃ አይቆጥር፣ ሽቅብ እየዘለለ
ከኛ በር ደርሶ “ቤቶች!” አለ።

መኪናዋ ከታች ቀረች፣ ጎማ ደረጃ አይወጣ፤
ቱቦው በሰው ጫንቃ ሁለት መቶ አርባ ደረጃ ሽቅብ መጣ።
አፈሙዙን ይዛ ያስና ከፊት አለች፣
ቀን ቀን ጥርስ ነቃይ ነች፤
ሮሳሜል ከኋላ፣ የሒሳብ መምህሩ፣
ደረጃውን ጮክ ብሎ ይቆጥራል፣ እንዳይጠፋው ቁጥሩ፤
ከመሃል ኒባልዶ፣ ከዳቦው ተስቦ፣
ሽርጡን ሳይፈታ ካፖርቱን ደርቦ።
ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክም ነው ሲሉ፣
ይኸው ሃምሳዎቹ፣ ደረጃውን ሞሉ።

ፊት ለፊት ተያየን።
አወቀኝ፤ እንዳወቀኝ አወቅሁ።
“ውስጥ የቀረ ሰው አለ?” ይህን ብቻ ነው የሰማሁ።
“ዶኛ ኤርሲሊያ፣ አከራዬ፣ ጆሮዋ የማይሰማ…”
በሩን እሳት ይዞታል፤ የቀረችው የኔ መስኮት ናት፣ በዚያ ጨለማ።
ዝግ ነበረች።
ኒባልዶ በመጥረቢያ አንዴ ነው የመታት፣
ያስና ገባች፤ ጭሱ ጭልጥ አርጎ ዋጣት።
ሮሳሜል አሁን የሚቆጥረው ሰከንድ ነው፤
ሰማንያ ሦስት ሲል ድምፁ ከዳው።
ሰማንያ አራት አላለም።
በብርድ ልብሴ ተጠቅልላ አሮጊቷ ወጣች፣
“መነጽሬን!” እያለች፣ ያስናን እየተቆጣች።

ቤቱ አልተረፈም። አልዋሽም፣ ሦስቱም ቤት አመድ።
ጠዋት ኒባልዶ ወደ ምድጃው ሲወርድ፣
በሌሊት የተወው ዳቦ ከስሎ ጠበቀው፤
የሰው እሳት ሲያጠፋ የራሱን ረሳው።
ያን ቀን መንደሩ ዳቦ አልበላም፤
ማንም “ለምን?” አላለም።

ወር ቆይቼ ሄድኩ፣ “መዝግቡኝ” ለማለት።
ሽማግሌው ኤሊየሰር፣ ሁለት ጣት የጎደለበት፣
“ምን ትችላለህ?” አለ። “መንዳት።” “ሹፌር ሞልቷል።”
“እሺ፣ መሸከም?” “ጉልበትህ ይታያል”
ብሎ ሳቀ። “በል መዋጮህን ክፈል፣ የመጀመሪያውን ወር፤
ቱቦ የሚያሰጣ ሰው ጠፍቶን ነበር።”

ይኸው አሰጣለሁ። ለመሰላል ዕድሜዬ አለፈ፤
የታጠበ ቱቦ ማማው ላይ መስቀል ነው ለኔ የተረፈ፤
እንደ ቋንጣ ረድፍ ተንጠልጥሎ ያድራል፣
ጠብ… ጠብ… ሲል ሰምቼ እንቅልፌ ይመጣል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጣሳዬን ይዤ
ያው ቀይ መብራት ስር እቆማለሁ ፈዝዤ።
የሚጥል ይጥላል። የሚዘጋ ይዘጋል።
አልቀየምም። መብራቱ እስኪለቀው ድረስ
መስታወቱን እያየሁ አስባለሁ ብቻ፦
የዚህ ሰው ቤት ስንት ደረጃ ይሆን?