ስምንት

ጁዲታ ከቧንቧው ግማሽ ጣሳ ቀድታ፣
ወረቀቷን ነክራ፣ ትንፋሿን ገትታ፣
አየችው፦ ቢጫው ሲለመልም፣ ወደ ሰማይ ቀለም ሲያጋድል፤
"ፒኤች ስምንት! ዛሬም ያው ነህ፣ አይደል?"

በረንዳው ጥግ ላይ ጋርዴንያዋ አለች፣
እንቡጧን ሳትፈታ ዓመት የከረመች፤
ቅጠሏ ገርጥቶ፣ ጅማቱ ብቻ ነው ልምላሜ የቀረው፤
አፈሩስ ብረት አለው፣
የምትውጥበትን ጉሮሮ ኖራ ነው የቋጠረው።

ማልታ ድንጋይዋ ኖራ፤ ሲጂዊም ቤቱ፣ ደጁ፣ ጉድጓዱ፣
ዝናብ ቢዘንብ እንኳ በኖራ ውስጥ ነው መንገዱ።
ሳልቩም ባሏ፣ ነፍሱን ይማር፣ አርባ ዓመት ድንጋይ የጠረበ፣
ማታ ሲገባ ቅንድቡ ነጭ፣ ሳሉ ነጭ፣ በኖራ የተከበበ፤
ይህን ቤት ያቆመ፣ ሦስት ልጅ ያበላ
ያው ኖራ ነው። ምን አለ ሌላ?

አቼቶ ከፈተች። በዓይን መድኃኒት ብልቃጥ፣ ጠብ፣
ጠብ፣
ሦስተኛው ላይ እጇ ከዳት፣ ወረደ በአንዴ፤
ወረቀቱ ቀላ፣ እንደ ተቆጣ ሰው ጉንጭ።
ደፍታ እንደገና ቀዳች።

"ድንጋይ እንኳ" ይል ነበር ሳልቩ፣ "ሲያባብሉት ነው በልኩ የሚሰነጠቅ፤
የቸኮለ መዶሻ ትርፉ ፍርክስካሽ፣ ትርፉ መሳቀቅ።"

ጠብ። ነክራ አየች። ጠብ። ነክራ አየች።
ስድስት ላይ ደረሰ፤ አጠጣች።

ከጣሳው ወለል ግን ነጭ ቀለበት ቀርቷል፣ ኖራው የጻፈው፣
አንድ ማንኪያ አቼቶ በቅጽበት የሚያጠፋው።
ታውቃለች።
በጣቷ ዳበሰችው፣ አቧራ ከቅንድብ እንደምታራግፍ፤
ጣሳውን ሳታጥብ መስኮቱ ጋ አኖረችው፣ እንዲያርፍ።