ሆዱን እንጂ ፊቱን

ሐሙስ ማታ፣ የታጠበው ሳህን ገና ሳይደርቅ፣
ቲልዳ «መቼ ነው? መቼ ነው?» እያለች ስትጨቀጭቅ፣
የመብራት ሒሳብ የመጣበትን ፖስታ ገለበጥኩት፤
ጀርባው ላይ «ቅዳሜ፣ ተራራው» ብዬ ጻፍኩበት።
ቅጠሉ ቀልቷል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይረግፋል።
እኛ የዌስት ቨርጂኒያ ሸለቆ ሰዎች ነን፤
ተራራ ያጥረናል እንጂ ማን ይወጣዋል?

ዴክስተር ስለ ጎማ ያወራል፤ የፊት ግራው ተልጧል፤
«እስከ ፓርኩ ያደርሰናል፣ ዳገቱን ግን እሱ ያውቃል» ይላል።
ቲልዳ ድብ ከሌለበት አልሄድም ብላለች፤
ድብ ካለ ደግሞ ከመኪና አልወርድም ትላለች።
ኦወን ገና አራቱ ነው፣ ተራራ ቤት ይመስለዋል፤
«በሩ የት ነው? ማን ይከፍትልናል?»
«በር አለው» አለ አባቴ ከመስኮቱ ሥር፣ ከወንበሩ፤
ዞረን አየነው። ይኸው ብቻ ነበር ንግግሩ።

እኔ ሒሳብ ላይ ነኝ።
አንድ የኦክስጅን ጠርሙስ፣ ቢበዛ አራት ሰዓት፤
መሄጃው አንድ ተኩል፣ መመለሻው አንድ ተኩል፣
ለተራራው የምትተርፈው አንዲት ሰዓት ናት፤
እሷም ኦወን መንገድ ላይ ካልሸና፣
ወንድሜ ክላይድ እንደ ልማዱ ካልተኛ።
(ለክላይድ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው በሉት፣ ሁለት ሰዓት እንዲመጣልን።)
ሌላም ጠርሙስ አለ፤ እሱ ግን የእሁድ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን፤
የሚያመጣው ሰውዬ እስከ ማክሰኞ አይመጣልን።
ተሽከርካሪ ወንበሩ የጎረቤታችን የዊልማ ነው፤
ያረፈው ባሏ የተጠቀመበት። አንዱ እግሩ ሲዞር ያለቅሳል፤
«ዘይት ቀቡት» አለች፣ «እንዳትመልሱት ግን፣ እዚያው ይሻላል።»

ለፓርኩ ደወልኩ። አንዲት ሴት፣ ጉንፋን የያዛት፣
ባሳለች ቁጥር ይቅርታ የምትል፣ ትዕግሥት ያላት፦
«ማማው መቶ አራት ደረጃ ነው፤ ለአባትሽ ይቅርባቸው።
የታችኛው መመልከቻ አስፋልት ነው፣ አያንገላታቸው።
ጉም ከሌለ ሦስት ወረዳ ይታያል።»
«ጉም ካለስ?» አልኳት።
ትንሽ አሰበች። «ጉሙ ይታያል።»

ጻፍኩ፦ ብርድ ልብስ። የዝናብ ልብስ።
የቲማቲም ሳንድዊች፣ ቲማቲሙ ለብቻ፣ ዳቦው እንዳይርስ።
የተቀቀለ እንቁላል፣ ስድስት፤ አይ፣ ስምንት፣ ክላይድ አለ።
ጨው በወረቀት።

ከዚያ አባቴ ጋዜጣውን አጠፈው፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ከሰል ሲፈነቅል የኖረ ሰው።
«የሰው ፊቱ ይታያል» አለ፣ «የሚቸግረው ሆዱ ነው፤
የእኔና የዚያ ተራራ ግን ግልባጩ ነው።
ሆዱን በእጄ ዳብሼ አውቀዋለሁ፣
የት እንደሚያቃስት፣ የት እንደሚያንጠባጥብ፤
ፊቱን ግን አንድ ቀን አላየሁ፤
ጎህ ሳይቀድ ገባሁ፣ ሲጨልም ወጣሁ።»
ሳል ያዘው። ጠበቅነው። መዳፉን ደረቱ ላይ አኖረ፤
«እኔስ ገብቼ ወጣሁ፤ እሱ ግን እዚህ ገብቶ ቀረ።»

ማንም ትንፍሽ አላለም፣ ከማሽኑ በቀር።

ቆይቶ፣ እንደ ቀልድ፣ «የእሁዱን ጠርሙስ ጨምሪበት» አለኝ፤
«እግዜር አንድ እሁድ ቢታገሰኝ ምን አለበት?
ከዚያ ላይ ደግሞ ቅርብ ነው፣ ከፈለገኝ።»
አራትና አራት ስምንት፤ ሦስቱ ለመንገድ።
አምስት ሰዓት! ፖስታው ላይ ሁለቴ አሰመርኩበት፤
ጉም ቢኖር እንኳ እስኪገለጥ የምንጠብቅበት።

አርብ ጠዋት ወተት ላወጣ ስነሳ፣ ፖስታው ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፤
ከ«ጨው» ሥር፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ፣ አንድ ቃል ተጨምሯል።
ከጆሮው በላይ የቀረችው ፀጉር እፍኝ አትሞላ፤
ቃሉን ግን ጫን አድርጎ ጽፎታል፣ ወረቀቱ እስኪበሳ፦
ማበጠሪያ።